የአሻግሬ ባለቤቶች

አንድ ንጉሥ ሦስት አገር ይገዛ ነበር፤ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን። ይህ ንጉሥ ሰማይ መመልከት ይወድ ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ግን ጉሙም አቧራውም ከዋክብቱን ይጋርድበት ጀመር። ስለዚህ የሦስቱን አገር ባለሙያዎች ሰብስቦ፣ «ከደመና በላይ ሆኖ የሚያይልን አንድ ዓይን ሥሩልኝ» አላቸው። የጠፈር ቴሌስኮፕ ማለቱ ነበር።

ባለሙያዎቹ ሥራውን ተከፋፈሉት። ወይና ደጋዎች መስታወት በማለስለስ የታወቁ ነበሩና የቴሌስኮፑን ትልቅ መስታወት እነሱ ሠሩ፤ ትንፋሻቸው እንዳያደበዝዘው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እየተፈራረቁ፣ በትዕግሥት አሹት። ቆላዎች ሜዳቸው ሰፊ ነበርና ሮኬቱን ሠርተው ከዚያ አስወነጨፉት። ደጋዎች በተራራቸው አናት ላይ ሰፌድ የመሰለ ትልቅ አንቴና ተከሉና ከቴሌስኮፑ ጋር የሚነጋገረውን ጣቢያ አቋቋሙ። ቴሌስኮፑ ወጥቶ ምድርን መዞር ጀመረ። ሕዝቡም አሻግሬ ብሎ ስም አወጣለት።

አሻግሬ የሚልካቸው ሥዕሎች በየከተማው አደባባይ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይታዩ ነበር። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ያያል። የተጣሉ ሰዎች እንኳ ሥዕሉ ሲቀየር ጠባቸውን ያቋርጡ ነበር ይባላል። ይህን ያህሉ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን የሦስቱ አገር ሰው አንድ ላይ አንገቱን ቀና ያደረገበት ሌላ ነገር እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ጣቢያውን የምትመራው ወይዘሮ የውብዳር የምትባል የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነበረች። ወጣት ሆና ነው ሥራውን የጀመረችው፤ ታሪኩ ሲደርስ ፀጉሯ ሸብቷል። ከሁሉ አብልጣ የምትከታተለው አንድ የአቧራ ደመና ነበር። በደመናው ውስጥ ኮከብ ሊወለድ ነው፤ ሲበራ ማየት ትፈልጋለች። ሌላ ምኞት እንዳላት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ጎረቤቶቿ «እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ትስቃለች።

አሻግሬ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር። እዚያ ከፍታ ላይም ቢሆን ስስ አየር አለ፤ ያ አየር እየጎተተ በትንሽ በትንሹ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የውብዳር ከጣቢያዋ ሆና ትእዛዝ ትልካለች፤ አሻግሬም በራሱ ነዳጅ ራሱን ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራው ቀላል ነው፤ ትእዛዙን ጽፎ ቁልፍ መጫን። ካልተሠራ ግን እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ አየሩ ወደሚወፍርበት ይገባና ነዳጁ ቢቃጠልም የማይመለስበት ቦታ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መውደቅ ነው።

ንጉሡ ሊሞት ሲል የሦስቱን አገር ገዢዎች ጠርቶ፣ «አሻግሬ የሁላችሁም ነው» ብሏቸው ዐረፈ። ደግ ንጉሥ ነበር። ግን «የሁላችሁም ነው» ሲል «ሁላችሁም ጠብቁት» ማለቱ መሆኑን አልጨመረበትም፤ እነሱም እንዲያ ብለው አልሰሙትም።

ለጥቂት ጊዜ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከሩቅ አገር አንድ የተከበረ እንግዳ መጣ። በግብር ላይ ተነሥቶ፣ «የአሻግሬን ሥዕሎች በአገሬ አይቻለሁ። የዚህን ዓይን ባለቤት አሳዩኝና ቆሜ እጅ ልንሣ» አለ። ሦስቱም ገዢዎች ከወንበራቸው እኩል ተነሡ። እንግዳው ማንን እጅ እንደሚነሣ ግራ ገብቶት ወደ ሦስቱም አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ ጎንበስ አለና ተቀመጠ። ሦስቱ ግን አልተቀመጡም።

«ቴሌስኮፕ ማለት መስታወት ነው» አለ የወይና ደጋው ገዢ። «መስታወቱን አውጡና የቀረውን እዩት፤ ቆርቆሮ ነው። አሻግሬ የኔ ነው።»

«መስታወትህ እኔ ባላወጣው ኖሮ እስከ ዛሬ መጋዘንህ ውስጥ የሸረሪት ድር ያደራበት ነበር» አለ የቆላው ገዢ። «ከኔ ሜዳ የተነሣ የኔ ነው።»

የደጋው ገዢ ሳቀባቸው። «ላም የማን እንደሆነች ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማን ሲጠራት እንደምትመጣ ያያል። አሻግሬ የሚሰማው የኔን ጣቢያ ነው። እናንተ ብትጠሩት ዞር ብሎም አያያችሁ።»

በዚያ ቀን የተጀመረ ንትርክ አላባራ አለ። ባለቤትነቱ ብቻ አይደለም፤ አሻግሬ ወደፊት ምን ይሁን በሚለውም ተጣሉ። የወይና ደጋው ገዢ ነዳጁ ሳያልቅ በጥንቃቄ ወርዶ የገዢው ስም ከተጻፈበት ቤተ መዘክር ይቀመጥ አለ፤ እንዴት ተደርጎ ይወርዳል ቢሉት «እሱን ባለሙያዎች ያስቡበት» አለ። የደጋው ገዢ ፊቱን ወደ ምድር አዙሮ ጎረቤቶቹ ግቢ ውስጥ የሚደረገውን ቢያሳየው መረጠ። የቆላው ገዢ ደግሞ የቴሌስኮፑ ስም ተቀይሮ በራሱ አባት ስም ይጠራ አለ። ኮከብ የሚባል ነገር ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። እኔ ይህን የነገረኝን ሰው «አንድም?» ብዬ ሁለቴ ጠይቄዋለሁ፤ አንድም አልወጣም አለኝ።

በመጨረሻ ነገሩ ከሦስቱም አገር በላይ ወደሚዳኘው ዋና ዳኛ ቀረበ። በዚያ አገር ከጥንት የኖረ አንድ ሥርዓት አለ። ሁለት ሰዎች በመሬት ሲካሰሱ ዳኛው መሬቱ መካከል የእሾህ ቅርንጫፍ ያስተክላል። እሾህ የተተከለበትን መሬት ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ማንም አያርሰውም፣ ከብትም አያሰማራበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክርክር ላይ እያለ ያረሰ ሰው ነገ «ሳርሰው ማን ከለከለኝ? በእጄ ነው ያለው» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ደም ያዳነ መልካም ሥርዓት ነው፤ በዚህ ላይ የምለው የለኝም።

ዳኛው ሦስቱን ገዢዎች አድምጦ ሲያበቃ ዕድሜ ልኩን የሠራውን ሠራ። ሎሌ ወደ ተራራው ላከ። ሎሌው ወደ ጣቢያው ገብቶ፣ ወይዘሮ የውብዳር ትእዛዝ በምትልክበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከመጻፊያው ሰሌዳ እስከ ስክሪኑ ድረስ፣ የግራር እሾህ አጋድሞበት ወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ አሻግሬ ክርክር ላይ ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ማንም አይነካውም» አለ።

ክረምት ሊገባ ነበር። የውብዳር እሾሁን አየችውና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ዳኛው ሄደች።

«ጌታዬ» አለችው፣ «መሬት ጦም ቢያድር እዚያው ነው። ጭራሽ ይለመልማል እንጂ አይጎዳም። አሻግሬ ግን ካልገፋነው ይወርዳል። እርስዎ ፍርድ በሚሰጡበት ቀን የሚፈረድበት ነገር ላያገኙ ይችላሉ።»

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ ፈሪ ዳኛ ግን ከክፉ የሚሻልበትን ቦታ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። «ወይዘሮ የውብዳር፣ ምን ላድርግ ትያለሽ?» አላት። «ለመሬት እሾህ ተክዬ ለዚህ ብተው አዳላ ይሉኛል። ደግሞ ማን ይግፋው? ደጋው ገፋው ብል፣ ሲገፋ ማን ከለከለኝ ብሎ ነገ በማስረጃነት ያቀርብብኛል። መግፋት ማለት ማረስ ማለት ነው።»

«እኔ ልግፋው። እኔ ባለቤት ነኝ አልልም።»

«አንቺ የማን ቅጥር ነሽ? ከደጋው ቤት አይደል እንጀራሽ? ያንቺ እጅ የሱ እጅ ነው ይሉኛል። ሦስቱ ከተስማሙ ግን በዚህች ሰዓት እሾሁን አስነሣለሁ። ሂጂ አስማሚያቸው።»

ሄደች። የደጋው ገዢ በትሕትና ተቀበላትና ወንበር ሰጣት። «እኔ ምን ገዶኝ» አለ፤ «ግን ሁለቱ መጥተው ይለምኑኝ። የኔ ንብረት እንዲተርፍ እኔ ሰው ደጅ አልጠናም።» የወይና ደጋው ገዢ፣ «ይገፋ፤ የኔ መሆኑን አምነው ይግፉት» አለ። የቆላውን ገዢ ያገኘችው ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ነው። እስከ መጨረሻው እንኳ አላስጨረሳትም።

«ይወርዳል ብለሽ ልታስፈራሪኝ ነው?» አላት። «እኔ ያወጣሁት ነገር እንደ በሰለ ማንጎ ዱብ አይልም፤ ሴትዮ።»

ወዳጆቹ ሳቁ። እሷም ቀና ብላ ያየችው ማንጎ አልነበረም፤ ሰማዩን ነበር። ቀን ስለነበር ምንም አይታይም፤ አሻግሬ ግን በዚያው ሰዓት እየዞረ፣ ከትናንትናው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በላያቸው ያልፍ ነበር።

እንደምንም ብላ ሦስቱን ገዢዎች አንድ ቦታ ሰበሰበቻቸው። ይህን ያህል መድከሟ ራሱ አንጀቴን ይበላኛል። ተሰበሰቡ፤ ይገፋ ወይስ አይገፋ ሲባሉ ሦስቱም ይገፋ አሉ። ተመስገን አለች። ከዚያ «ይገፋ ብሎ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሚያዝ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ እኔ ልዘዝ፣ የለም እኔ ልዘዝ። አንድ ላይ በአንድ ቃል «ይገፋ» በሉ ብላ ለመነቻቸው። አንድ ላይ ለማለትም ተስማምተው ነበር፤ ግን ማን «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ያስጀምር በሚለው ተጣሉና እየተሰዳደቡ ወጡ። የምቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። ምነው ቀልድ ባደረገው!

የውብዳር ወደ ጣቢያዋ ተመለሰች። አንድ ቀን ጠዋት አሻግሬ ያለበትን ከፍታ ስታይ የመጨረሻው ዕድል እንደደረሰ አወቀች። ዛሬ ከተገፋ ይተርፋል። ነገ ከሆነ ነዳጁ አይበቃም። ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። እሾሁን እንዲጠብቅ የተላከው የዳኛው ሎሌ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው፤ ወደ ውስጥም አያይም። እሾሁ የደረቀ ቅርንጫፍ ነው፤ በሁለት ጣት ይነሣል። ትእዛዙን በልቧ ታውቀዋለች። እጇን ዘረጋች።

ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

ለምን እንደሰበሰበች ኋላ ራሷ ስትናገር የተሰማው እንዲህ ነው። እሾህ በማንሣት እኔ የመጀመሪያዋ እሆናለሁ አለች በልቧ፤ ነገ ሌላው በመሬት ላይ የተተከለውን ያነሣል፣ ሰው ይገዳደላል። ደግሞ ምናልባት እስከ ማታ ይስማሙ ይሆናል አለች። ደግሞም፣ ይህንንም አልደበቀችም፣ መታሰርን ፈራች። ሰዎች በዚህ ነገር አይፈረድባትም ይላሉ። እኔ ግን ትንሽ እፈርድባታለሁ። ያን ያህል ትልቅ ነገር በእጇ እያለ ፈቃድ ጠበቀች፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ደግሞ እነማን እንደሆኑ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

እስከ ማታ አልተስማሙም። በማግሥቱም አልተስማሙም። ክረምቱ ሲወጣ አሻግሬ ወደቀ።

አብዛኛው አካሉ አየር ላይ ተቃጥሎ አለቀ። መስታወቱ ብን ብሎ ጠፋ። አንድ ወፍራም የብረት ቀለበት ግን ሳይቀልጥ ቀረና ሦስቱ አገሮች በሚዋሰኑበት ቦታ፣ ቢምር በሚባል ንብ አናቢ ቤት ላይ አረፈ። ጠዋት ነበር። ቢምር ከቀፎዎቹ ጋር ነው። ሚስቱ ስንዱ ቤት ውስጥ ጌሾ ትወቅጣለች። ብረቱ የሣሩን ጣሪያ በስቶ ገባና እግሯን ከጉልበቷ በታች ሰበረው። ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ቢምር ሚስቱን ጎትቶ ሲያወጣ ንቦቹ በጢሱ ተነሥተው ሄዱ፤ አልተመለሱምም።

ሚስቱን ወጌሻ ጠግኗት ከጎረቤት ቤት ከተኛች በኋላ ቢምር በትሩን አንሥቶ ተነሣ። ወደ ሦስቱም ገዢዎች ደጅ ሄደ፤ «ወደዚያኛው ሂድ» እያሉ አዞሩት። ዞሮ ዞሮ ዳኛው ዘንድ ደረሰ። ዳኛውም ሦስቱን ገዢዎችና የጣቢያዋን ኃላፊ ወይዘሮ የውብዳርን አስጠራ።

«ጌታዬ» አለ ቢምር፣ «ገንዘብ ልጠይቅ አልመጣሁም። ቤቴን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ መልሼ እሠራዋለሁ። ግን በኛ ዘንድ የሰው በሬ ሰው ቢወጋ፣ የበሬው ባለቤት ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ደጅ ላይ ተንበርክኮ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። የተጎዳው ሰው ያን ሳያይ ቁስሉ ቢሽር ልቡ አይሽርም። ሚስቴ ተኝታ ደጅ ደጁን ታያለች። ማን ነው የሚመጣው? ይኸን ብቻ ንገሩኝ።»

ዳኛው ወደ ገዢዎቹ ዞረ። «አሻግሬ የማን ነው?» አለ።

ይህን ያህል ዘመን የተጣሉበት ጥያቄ ነው። አሁን ግን የኔ ነው የሚል ጠፋ። የወይና ደጋው ገዢ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ መስታወት ብቻ ነው የሠራሁት» አለ። «መስታወቱ ደግሞ አየር ላይ አልቋል። የወደቀው ብረት ነው፤ ብረት አልሠራሁም።»

«እኔ ወደ ላይ ነው የላክሁት» አለ የቆላው ገዢ። «ወደ ታች የመጣው በኔ አይደለም።»

«ጌታዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እሾህ አስተኝተው እንዳልነካው ያገዱኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለ የደጋው ገዢ፣ እጁን ዘርግቶ። «የማልነካው ነገር እንዴት የኔ ይሆናል?»

ዳኛው የመጨረሻዋን ነገር ሰምቶ ትንሽ ደነገጠ። ከዚያ ፊቱ በራ። ባለቤት ነኝ የሚል ከሌለ ክርክር የለም፤ ክርክር ከሌለ ጉዳዩ ተዘጋ። ወዲያው ሎሌውን ጠራና፣ «ተራራው ላይ ሂድ፤ እሾሁ ይነሣ» አለው። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። እሾሁን ያነሡት የሚገፋ ነገር ሲጠፋ ነው! ሎሌውም ታዞ ሄደ፤ አንድም ሰው ፊቱ አልቀላም።

ቢምር መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ ቀረ። «እንግዲህ ማንም አይደለም ልበላት?» አለ።

«የኔ ነው» አለች ወይዘሮ የውብዳር።

ሁሉም ዞር አለ። የደጋው ገዢ ቀድሞ ተነፈሰ። «ጎሽ! ይኸው ባለቤቱ ተገኘ!» አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸኑለት። ይህ ሦስቱ ተስማምተው ኋላም ያልተጣሉበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ዳኛው ግን ግራ ገባው። «አንቺ እኮ ቅጥር ነሽ። ዱሮም ባለቤት አይደለሁም ብለሽኛል። እንዴት ያንቺ ይሆናል?»

«መውረዱን በየቀኑ ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሊተርፍ በሚችልበት ቀን ጠረጴዛው ፊት ተቀምጬ እጄን የሰበሰብሁትም እኔ ነኝ። ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ ጌታዬ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ያለው ሰው ካለ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም።

ከቢምር ጋር ሄደች። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ቢምርም ብዙ አላናገራትም። እንዲህ ላለ ይቅርታ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌ ያስከትላል፣ ዘመድ ያጅበዋል። እሷን ግን ማንም አልተከተላትም። መንደሩ ሲደርሱ ከወንዝ ዳር አንድ ከባድ ድንጋይ መርጣ ማጅራቷ ላይ አደረገች። ሽበታም ሴት ናት፤ በየመሀሉ እየቆመች ዳገቱን ወጣች። የመንደሩ ሰው ሥራውን ትቶ ቆመ። ስንዱ ከተኛችበት ቤት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ተንበረከከችና ግንባሯን ወደ መሬት አቀረበች።

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

ስንዱ መደቡ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ተነሺ አላለችም። «ያንቺ ነው ያ ብረት?» አለቻት።

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«እንደሚወድቅ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ እያወቅሽ ምን ነካሽ? ምን ሆነሽ ነው ያላስቆምሽው?»

«ተከልክዬ ነበር።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ባለቤቶቹ» አለች የውብዳር፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

«የትኞቹ ባለቤቶች?» ስንዱ ጮኸች። «ባሌ እግሩ እስኪያብጥ ዞሮ አንድ ባለቤት አጣ እኮ! የትኞቹ ናቸው? ለመከልከል ሲሆን አሉ፣ እኔ ደጅ ለመምጣት ሲሆን የሉም?»

የውብዳር ግንባሯን ይበልጥ ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ስንዱ ረጋ ብላ እጇን ዘረጋችላት።

«በይ ድንጋዩን አውርጂው፤ ይጎዳሻል» አለች። «ያንቺን ይቅር ብያለሁ። ፈርተሽም ቢሆን መጥተሻል። የነሱን ግን ይቅር ልበል ብልም አልችልም፤ ይቅር በይኝ ያለኝ የለማ።»

ታሪኩ ይኸው ነው። ያ ኮከብ በርቶ ይሆናል፤ ያየው የለም።

ትምህርቱን ማንም ያየዋል፤ ቢሆንም እኔ በግልጽ ልናገረው፤ እያየን የምናልፈው ነገር በዝቷልና። አንድ ነገር የኔ ነው የሚል ሰው ሲያምርበት ቆሞ እጅ የሚነሣለት ብቻ ከሆነ ባለቤት አይደለም። ባለቤት ማለት ነገሩ ሳይወድቅ የሚደግፈው፣ ቢወድቅ ደግሞ ድንጋዩን የሚሸከመው ነው። ሦስቱ ገዢዎች ስለ አሻግሬ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ግን ባለቤቱ ሆነው አያውቁም። ይህን ስል ገዢዎቹን ብቻ አይደለም የምወቅሰው። እሾህ ማስቀመጡ ሥራ የመሰለውን ዳኛም፣ እያወቀች እጇን የሰበሰበችውንም፣ በየአደባባዩ ሥዕሉን ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ «ዘንድሮ ተገፋ ወይ?» ብሎ ያልጠየቀውን ሕዝብም እወቅሳለሁ።

ደግሞ ይህ በጠፈር ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይምሰላችሁ። የእናንተንም ሠፈር ተመልከቱ። ማን ያስጠግነው እየተባለ ቧንቧው የተበላሸ የሁላችሁም ውኃ የለም? ሁለት ቀበሌ የኔ ነው፣ የኔ ነው እየተባባለ ምሰሶው የሚበሰብስ ድልድይ የለም? ዛሬ እሾህ ተጋድሞበት፣ ሁሉም እያየው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዝቅ የሚል ነገር አጠገባችሁ አለ። የወደቀ ዕለት አንዲት ስንዱ ከቤቷ ውስጥ ናት። ያን ጊዜ ደጅ ደጁን ስታይ፣ አንተ፣ አንቺ፣ ድንጋይ ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ ወይስ «እኔ ወደ ላይ ነው የላክሁት» ትላላችሁ?